ታላቅን ማዘዝ

ቃል ከአፍ ሳይወጣ የልብን የሚሰማ፣ የሹመትንም የሽረትንም ሰዓት በእጁ የያዘ እግዚአብሔር፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ገርጂ በሚገኝ አንድ የኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ሜዳ የሚሆነውን ያውቃል። ተስፉ ግን አያውቅም። ኳሷን እያነጠረ የመሐል መስመሩን ያልፋል፤ ታላቅ ወንድሙ ተወልደ መቆም በማይገባው ቦታ ቆሟል።

ተወልደ ከቅርጫቱ ሥር ወጥቶ እስከ ቅጣት መስመሩ መምጣት፣ በሰፊ ትከሻውም የተስፉን ተከላካይ መግታት ነበረበት። ያን ጊዜ መንገድ ይከፈታል። እርሱ ግን ከቅርጫቱ ሥር እንደ ዐምድ ተተክሎ ኳስ ይጠብቃል። ተስፉ ያየዋል፤ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ወዲያው በልምምዱ የሚከላከለው የቡድን ጓደኛው፣ ቢተው የሚባለው፣ እጁን ሰዶ ኳሷን ይነጥቀዋል።

ፊሽካ ይነፋል።

«ቡድኑን የሚመራው ማነው?» ትላለች አሰልጣኝ ሰብሊ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ተጫዋቾቹ የሚፈሩትም ይህንኑ ነው።

«እኔ» ይላል ተስፉ።

«ተወልደ የት መድረስ ነበረበት?»

«እዚህ ጋ።» በጫማው ጫፍ ሲሚንቶውን ያሳያል።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሱ ንገረው እንጂ።»

ነገ የኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ቡድኑን ሲመራ የኖረው ሃይለኣብ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከሜዳው ዳር ተቀምጧል። በእርሱ ቦታ የተተካው ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሆነው ተስፉ ነው። ኳስ ማንጠርስ ከማንም አያንስም፤ የጎደለው ድምፅ ነው።

«አንዴ ብቻ እንደግመዋለን» ትላለች አሰልጣኟ። «አሁንም ዝም ካልክ ነገ ቢተው ይመራል፤ አንተ ከእኔ ጋር ትቀመጣለህ።»

«ኮች፣ አትፍረጂበት» ይላል ቢተው። «ይሄ ልጅ እኮ ቤታቸው ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ በእናቱ በኩል ነው የሚልከው።» ከዚያም ድምፁን አቅጥኖ፣ «አያ፣ ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩህ ትንሽ ፈቀቅ ብትልልኝ…»

ሁሉም ይስቃሉ። ተወልደ ብቻ አይስቅም፤ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አሳርፎ፣ ጎንበስ ብሎ ይተነፍሳል።

ቢተው የተናገረው ቀልድ ቢሆንም ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። አባታቸው ያረፉ ጊዜ ተወልደ ትምህርቱን ትቶ ላምበረት መናኸሪያ የአውቶቡስ ትኬት ሻጭ ሆነ፤ ተስፉንም አስተማረ። ራሱ ኮሌጅ የገባው ዘግይቶ፣ ከታናሹ ጋር በአንድ ዓመት ነው። ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ትኬት ሸጦ ነው ወደ ሜዳ የመጣው። ተስፉ ታላቁን «አያ» ብሎ እንጂ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ ከእርሱ አስቀድሞም እጁን ወደ ማዕድ ሰዶ አያውቅም። እግዚአብሔር በአባት ቦታ ባስቀመጠው ሰው ላይ፣ በሰው ፊት፣ እንዴት ይጮኻል?

ደግሞስ አያ ይሳሳታል? አውቆ ነው፤ ሊፈትነኝ ነው፤ ይላል ተስፉ በልቡ።

ኳሷ ትመለስለታለች። የመሐል መስመሩን ያልፋል። ተወልደ አሁንም ከቅርጫቱ ሥር ነው። ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን በጣሪያዎቹ ላይ ዝቅ ብሎ እያጓራ ይመጣል፤ ተስፉ ልክ ጩኸቱ ሲበረታ፣ «አያ፣ ውጣ» ይላል። ማንም አልሰማም። እንዳይሰማ ፈልጎ እንደ ሆነም ያውቀዋል፤ ተናግሬአለሁ ሊል፣ በጩኸቱም ሊሸሸግ።

አውሮፕላኑ ያልፋል። ከአጥሩ ማዶ የታክሲ ረዳቱ «መገናኛ፣ መገናኛ» ሲል ብቻ ይሰማል። ቢተው ደረቱን አስጠግቶ፣ «ነገ ውኃ ታቀብለኛለህ» ይለዋል በሹክሹክታ። አሰልጣኟ ፊሽካውን ወደ ከንፈሯ ታነሣለች።

«ተወልደ!»

አያ የሚለው ቃል የለበትም። ድምፁ ከኮሌጁ ግንብ ተላትሞ ይመለሳል፤ ተስፉ የራሱ መሆኑን ይጠራጠራል።

«ከዚያ ውጣ። ወደ እኔ ና። ፍጠን።»

ተወልደ ከእንቅልፍ እንደ ተቀሰቀሰ ሰው ይደነግጣል፤ ከዚያ ይሮጣል። ቢተው ከተወልደ ትከሻ ጋር ተጋጭቶ ይቀራል። መንገዱ ይከፈታል፤ ተስፉም ያልፋል፤ ኳሷ ሰሌዳውን ነክታ ቅርጫቱ ውስጥ ትወርዳለች። የሚስቅ የለም። ፊሽካው ሳይነፋ ይወርዳል።

ተስፉ ወደ ወንድሙ ይጠጋል። «አያ፣ ይቅር በለኝ። አውቀህ እንደ ቆምክ ገብቶኛል። እንድናገር ብለህ ነው።»

ተወልደ ላቡን በማሊያው ይጠርጋል።

«አይደለም» ይላል። «ጠፍቶኝ ነው። ሰሞኑን ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ የቱ አጨዋወት እንደሆነ ይምታታብኛል። ሃይለኣብ ይጮኽብኝ ነበር። አንተ ዝም ስትል ጊዜ፣ ልክ ነኝ ብዬ ቆምኩ።»

ተስፉ ቀና ብሎ ያየዋል። የወንድሙ ዓይኖች ቀልተዋል። ሰሞኑን ሁሉ እንዲህ ሳይሆን አልቀረም።

«ድገሙት» ትላለች አሰልጣኟ። ኳሷን ለተስፉ ትወረውርለታለች።

ተወልደ ወደ ቅርጫቱ ያዘግማል። መንገድ ላይ ቆም ብሎ፣ ሁሉም እየሰሙት፣ ወደ ታናሹ ዘወር ይላል።

«የት ልቁም?»

ተስፉ እጁን ዘርግቶ ያሳየዋል።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ታላቁ ሲደክም የሚያይ ታናሽ፣ ታናሹ ሲናገር የሚሰማ ታላቅ አይታጣ፤ እግዚአብሔር ማዕድህን ይባርክ፤ አሜን።