አምፖሉ ያልበራላት

በዚያ ዘመን ማሽን የሚማረው ከአስተማሪው ወስዶ ነበር። አንድ ሰው የሌላውን ድምፅ ለማሽን ሲያስተምር፣ ያ ድምፅ ከራሱ ጭንቅላት ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቢሰማውም የማን እንደሆነ አይለየውም። ጡረተኛው የስልክ ሠራተኛ አቶ ውብሸት ይህን እያወቁ ነው ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የተማሩት። ጉልበታቸው አላስኬድ ስላላቸው፣ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» የሚለውን ሰው በድምፁ ለይቶ በር የሚከፍት፣ ለያንዳንዱም የተለየ ቀለም የሚያበራ መሣሪያ ሠሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት «ቤቶች!» አለች። በሩ ተከፈተ፤ አምፖሉ ቢጫ በራ። አቶ ውብሸት ቀና ብለው ግድግዳው ላይ የለጠፉትን ወረቀት አዩ። «ቢጫ፦ ልጃችን ረድኤት» ይላል።

«ግቢ የኔ ልጅ!» አሉ ፈጠን ብለው።

ረድኤት አባቷን ስማ ተቀመጠች። ወረቀቱን እንዳላየች ሆና የእናቷን የዘነበችን ነገር አነሳች።

«እማዬ እኮ በር ላይ መገተር ሰለቸኝ እያለች ነው። የሷን ድምፅ መቼ ነው የምታስተምረው?»

«ምን ላድርግ፣ ኮዱ ስህተት እያወጣ አስቸገረኝ።»

ረድኤት ኮምፒውተሩን ሳብ አድርጋ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አንድም ስህተት የለውም። የእናቷ ስም ከገባ ሰንብቷል፤ የቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

ይሄኔ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። አምፖሉ አልበራም። ረድኤት ልትከፍት ብድግ ስትል አባቷ ከዘራቸውን አነሱ።

«ተይ፣ ዘነበች ናት» አሉ፣ ወረቀቱን ቀና ብለው ሳያዩ። እያነከሱም ሊከፍቱላት ወጡ።