ከዜሮው ወዲያ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ረጅም ወሬ አይደለም።

የደም ግፊት ኪኒኔን እየረሳሁ ባስቸግራት፣ ልጄ አንዲት ትንሽ ሣጥን ሠራችልኝ። ሣጥኗ በየጠዋቱ ጢጥ ትልና በመስኮቷ ላይ «አባዬ፣ ኪኒንህን ዋጥ» የሚል ጽሑፍ ታወጣለች። ፕሮግራሙን አሴምብሊ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችው ራሷ ናት።

«ሣጥኗ ውስጥ ያለው ቺፕም እንዳንተ ነው» ትለኝ ነበር እየሳቀች፤ «ጣቱን እያስኬደ አንድ አንድ ፊደል ያነባል። ዜሮ ሲያገኝ ጽሑፉ አለቀ ብሎ ያቆማል።»

«እኔስ መቼ ነው የማቆመው?»

«አንተማ መነጽርህ ሲጠፋ!»

ባለፈው ጥቅምት፣ አመመኝ እንኳ ሳትል፣ ሥራ ቦታዋ ወድቃ በዚያው ቀረች። «ምንም ያላመማት ልጄ» እያልኩ ቀበርኳት። ሣጥኗ ግን በየጠዋቱ መጥራቷን አልተወችም፤ እኔም «እሺ ልጄ» እያልኩ እውጣለሁ። ሰሞኑን መስኮቷ ጨለመ። ታቅፌያት ወደ ልጄ ጓደኛ ወደ ናሆም ሄድኩ።

«ያቺን ቃል ብቻ አድንልኝ» አልኩት።

«አይጨነቁ አባባ፤ ከፕሮግራሙ ጋር ስለተቀመጠች መብራት ቢጠፋም አትጠፋም።»

ቺፑን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። ዜሮው ጋ ሲደርስ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ምነው፣ ጠፋ እንዴ?»

«የለም አባባ… ከዜሮው ወዲያም ጽሑፍ አለ። እንዳይታይ ብላ ዜሮውን መሐል ያስገባችው ራሷ ናት።»

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ፦

«እኔም የልብ መድኃኒቴን እየዋጥኩ ነው፤ አይዞህ።»

ስሟ ረድኤት ነበር። አደራ ልጆቼ፣ እናንተም አስታውሱልኝ።