የበሩ ድንጋይ

በመምሬ ጥሩነህ ተዝካር ላይ እንደ ወይዘሮ ደብሪቱ የኮራ ሰው አልነበረም። ሟቹ ቄስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከማንም ሳንቲም ሳይለምኑ ቤተ ክርስቲያኑን በድንጋይ ካብ አጥረውታል። ከካቡ ሁሉ ትልቁ፣ በሩ ሥር ያለው ድንጋይ ደግሞ የባሏ የይግዛው ነው። "ላንቺ ጤና ተስዬ ብቻዬን ተሸክሜ አመጣሁት" ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ወገቡን በቅቤ ስታሸው አንድ ቀን እንኳ አላማረረችም።

ተበልቶ ሲያበቃ የሟቹ የልብ ወዳጅ የሆኑ የጎረቤት ደብር ቄስ ተነሡ።

"እንግዲህ እሳቸውም ዐርፈዋል፣ ካቡም አልቋል፤ ብናገር አይቀየሙኝም። መምሬ ጥሩነህ ንስሐ ለገባ ሁሉ ቀኖና የሚሰጡት ድንጋይ ነበር። ለትንሽ ኃጢአት ትንሽ፣ ለትልቁ ትልቅ። ሰዉ 'ስለት ነው' ሲል እሳቸው ዝም ይሉ ነበር።"

ጠላ ቀጂው ማንቆርቆሪያውን ይዞ ደርቆ ቀረ። ደብሪቱ ዞራ ባሏን አየችው። ይግዛው አንገቱን ደፍቶ፣ ግጦ የጨረሰውን አጥንት እንደ አዲስ ይግጣል።

"ያ የበሩ ድንጋይማ" አሉ ቄሱ እየሳቁ፣ "ለሁለት ሰው የተሰጠ ነው። 'አብረው የሠሩትን አብረው ይሸከሙት' ብለውኛል።"

ደብሪቱ ቀስ ብላ ወደ ሴቶቹ ረድፍ ዞረች። ጎረቤቷ አንጓች ወገቧን ይዛ፣ ከዳሱ ለመውጣት ብድግ ልትል ትታገላለች። ደብሪቱ ከይግዛው ቅቤ እየቀነሰች የእሷንም ወገብ ማሸት ከጀመረች ልክ ሦስት ዓመት ሆኗታል።