ሠላሳኛው ቀን

ማንም ቤት በአንድ ቦታ ከሠላሳ ቀን በላይ እንዳይቆም ከታወጀ ወዲህ ቤታችንን በፒካፕ እየጎተትን እንኖራለን። ዛሬ ቁልቁለቱን ስንጀምር ቤቱ ከኋላችን ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር።

"ፍሬን ያዝ!" ብላ ጮኸች ባለቤቴ ስንዱ።

"ከያዝኩማ ይገለብጠናል!"

እግሬን ከነዳጁ አንስቼ፣ መሪውን አጥብቄ ይዤ፣ እንደምንም ጥግ አቆምኩት።

ከኋላ ሲከብድ ቤቱ ይወዛወዛል፤ ከባድ ነገር እዚያ እንዳትጭን ስንቴ ነግሬያታለሁ! በንዴት ወርጄ የቤቱን የኋላ ቁም ሳጥን ከፈትኩት። ሁለት ጆንያ አፈር።

"ከእማዬ መቃብር ነው" አለች አንገቷን ደፍታ። "አርባዋ ሳይደርስ አስነሱን። የት ቆሜ ላልቅስላት?"

ጆንያዎቹን ተሸክሜ ከጎማው በላይ፣ አልጋችን ሥር አስተካክዬ አስቀመጥኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ አልተወዛወዘም። አዋጁን ያወጡት ሰዎች ደስ ይበላቸው፤ አማቴ ሞተውም ከእኛ ጋር ይዞራሉ።