አንዲት ጉርሻ በዲኬተር
ወይዘሮ ገበያነሽ ከጎናቸው የተቀመጠችውን ፈረንጅ ሕፃን ገና እንዳጎረሷት እናትየዋ በእንግሊዝኛ ጮኸች። አሜሪካ፣ ዲኬተር ከተማ መሃል መንገዱ ተዘግቶ የጣልያኖች የሰመር ፌስቲቫል ደምቋል፤ አኮርዲዮኑ ይንጫጫል፣ በረጅሙ ገበታ ዙሪያ የማይተዋወቅ ሁሉ ተደበላልቆ ይበላል። ሕፃኗ ዓይኗን ሳህናቸው ላይ ብትጥል ጊዜ ብቻቸውን መዋጥ አልሆነላቸውም፤ ዳቦውን በአረንጓዴው ስጎ አጥቅሰው አጎረሷት። ሌላ ምን ያድርጉ?

«ምን ሆነች?» አሉ ልጃቸውን ሐምራዊትን፣ እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ።

«እማዬ፣ ልጅቷ የለውዝ አለርጂ አለባት! ጉሮሮዋ ይዘጋል። ስጎው ውስጥ ለውዝ ካለ...» አልጨረሰችውም፤ ምግቡን ወደሠራው ሼፍ ሮጠች።

እናትየዋ ከቦርሳዋ የአለርጂ መርፌ አውጥታ፣ የልጇን ጭን ገልጣ ትጠብቅ ጀመር። ወይዘሮ ገበያነሽ ከዚያች ትንሽ ጉሮሮ ላይ ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው። ልጅቷ አንዴ ስታስል የእሳቸው ትንፋሽ ቀጥ አለ። «እመቤቴ፣ በእኔ እጅ አይሁን» አሉ። ስንቱን ልጅ አጉርሶ ያሳደገ እጅ ነበር፤ አሁን ጣታቸው ላይ የቀረውን አረንጓዴ ቅባት እንደ መርዝ አዩት።

«የለውም! ለውዝ የሚባል የለውም!» ሐምራዊት ከሩቅ እየጮኸች መጣች።

እናትየዋ ልጇን እቅፍ አድርጋ አለቀሰች። ሕፃኗ ግን በእናቷ ትከሻ ላይ ወደ ወይዘሮ ገበያነሽ ዞራ፣ ለሁለተኛው ጉርሻ አፏን ከፈተች።

ወይዘሮ ገበያነሽ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁት።