መጀመሪያ መስማት ያለበት ሰው

«ዛሬ ቡሩሽ አልይዝም» አለችና የቫርኒሹን ቆርቆሮ በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ በሩ ፈቀቅ አለች።

አናጢው አባቷ የቁምሳጥኑን ማጠፊያ እያጠበቀ ነበር። ካቻቪቴውን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። ይህን ወርክሾፕ ከከፈቱ ጀምሮ እሱ ይልጋል፣ ያጋጥማል፤ እሷ ትቀባለች። እሷ የቀባችው እንጨት ላይ ሰው ፊቱን አይቶ ፀጉሩን ያስተካክላል፤ ሰፈሩ ሁሉ «መስታወት» የሚላትም ለዚሁ ነው። እሱ ግን ቡሩሽ ሲይዝ አይጣል ነው። ደግሞም ቀለም ወርዶ የተንጠባጠበበት ዕቃ ከዚህ በር አይወጣም የሚለው ሕግ የራሱ ነው።

«የመጨረሻው ቅብ እኮ ነው የቀረው። ነገ ይጫናል» አላት። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

ዝም ብላ አልነበረም። በማለዳ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ቤት ውስጥ በራሷ የመረመረችውን አላምን ብላ ነው የሄደችው። ነርሷ ሳቅ ብላ «እርጉዝ ነሽ፣ እመኚ» አለቻት። ፎሊክ አሲድ የሚባል ክኒን ሰጥታ በየቀኑ እንድትውጥ ነገረቻት፤ ለመጀመሪያው ሙሉ ምርመራም ቀጠሮ ያዘችላት። ከዚያ ሥራዋን ጠየቀቻት። «ቫርኒሽና ማቅጠኛው አኳራጅ?» አለች እስክሪብቶዋን አስቀምጣ። «እሱን ከዛሬ ጀምሮ ለሌላ ሰው ስጪ። ከባድ ነገርም አታንሺ።»

ክኒኑ አሁን ከነማሸጊያው ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው። ነካ ባደረገችው ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ደስ ይላታል።

ለአባቷ መንገር ምን ነበረበት? ነገሩ ወዲህ ነው። እሷና ባሏ ይህን ወሬ አራት ዓመት ጠብቀዋል። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እሷ ተስፋ ቆርጣ ባለቀሰች ቁጥር «አይዞሽ፣ ልጃችን መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ተዘግቶበት ነው» እያለ ሲያስቃት የኖረ እሱ ነው። ከሰው ሁሉ ቀድሞ መስማት ያለበትም እሱ ነው፤ ያውም ዓይን ለዓይን እየተያዩ እንጂ በስልክ አይሆንም። አባቷ ደግ ሰው ነው፣ አፉ ግን ክዳን የለውም። የሠርጓን ቀን እንኳ ሰፈሩ የሰማው ከሙሽራው ቀድሞ ነው።

«ገባኝ» አለ አባቷ። ፊቱ ጠቆረ። «ያ ማዶ ያለው ትልቁ የቤት ዕቃ ሱቅ ነው አይደል? ሊቀጥርሽ ሲያባብልሽ እንደከረመ አልሰማሁም መሰለሽ?»

«ኧረ አባዬ!»

«ሂጂ። አልከለክልሽም። ብቻ ፊት ለፊት ንገሪኝ።» ወደ ግድግዳው ዞሮ መጋዙን መፈለግ ጀመረ። መጋዙ አፍንጫው ሥር ተሰቅሏል።

ዝም ብትል አባቷን ልታስቀይም ነው፤ ብትናገር ደግሞ ባሏ ሁለተኛ ሰሚ ሊሆን ነው።

«የትም አልሄድም፣ አባዬ። ሽታው ነው። ለጊዜው ተከልክሎብኛል።»

«ማነው የከለከለሽ?»

«ነርስ።»

«ታመምሽ እንዴ?»

«አልታመምኩም።» ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም።

አባቷ ፊቷን አየ፣ ኪሷ ላይ ያረፈውን እጇን አየ። አፉን ከፈተ።

«እንዳትናገር!» አለች ቶሎ ብላ። «እኔ ምንም አልነገርኩህም። እሱ ሳይሰማ ማንም አይሰማም።»

አፉን ገጠመ። በዕድሜው ብዙ ግንድ ተሸክሟል፤ እንደዚህ የከበደው ግን አልነበረም። ሁለቱንም በሮች ወለል አድርጎ ከፈተ። ወንበር አውጥቶ ሽታው የማይደርስበት ደጅ ላይ አስቀመጠና አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ «ተቀመጪ» አላት። ከዚያ ተመልሶ ቡሩሹን ራሱ አነሳ።

«የእንጨቱን መስመር ተከተል!» ትለዋለች ከውጭ።

«እየተከተልኩ ነው!»

«ታች ጋ ወርዶብሃል!»

«አይቼዋለሁ!» አላየውም ነበር።

ጎረቤታቸው ጫማ ሰፊው ብቅ ብሎ «ምነው፣ ዛሬ ቀቢው አንተ ሆንክ?» አለ። አባቷ ሰውየውን አየ፣ ጣራውን አየ፣ ዋጥ አደረገና «ይሞቃል» ብሎ ብቻ መለሰ። ከወንበሯ ላይ ሆና በሳቅ ፈረሰች። አባቷን እንዲህ የወደደችበትን ቀን አታስታውስም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባሏ ለነገው ጭነት ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ደረሰ። ሚስቱ ደጅ ተቀምጣለች፤ አማቱ እስከ ክርኑ ቫርኒሽ ሆኗል። ሰላምታውን ረስቶ ወደ ውስጥ ገባ።

«ምን ነካዎት፣ አባባ? መስታወት እያለች እርስዎ ይቀባሉ?»

«እኔን አትጠይቀኝ» አለ አባቷ። «እኔ ምንም አልሰማሁም። እሷን ጠይቃት። ቶሎ በልና ጠይቃት፣ ልፈነዳ ነው!»

ባሏ ዞረ። ተነሥታ በሩ ላይ ቆማለች። ክኒኑን ከኪሷ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«መንገዱ ተከፍቷል» አለችው።

ክኒኑን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ክኒኑን አየ። ገመዱ ከትከሻው ተንሸራቶ ገና ያልደረቀው የቁምሳጥኑ በር ላይ ወደቀና ከላይ እስከ ታች አሰመረበት። ሌላ ቀን ቢሆን አባቷ ጣራውን በጩኸት ያነሣው ነበር። አሁን ግን ቡሩሹን እንደጨበጠ፣ ቫርኒሹን መንገዱ ላይ እያንጠባጠበ፣ ወደ ጫማ ሰፊው ቤት እየሮጠ ነው።