ሰላምታ አይዘለልም

በቤቱ ውስጥ እጀታ ያለው ነገር የለም። በሩም፣ ምድጃውም፣ የመድኃኒት መሳቢያውም የሚከፈቱት ፊታቸው ላይ ባለ ስክሪን፣ በየራሳቸው ድረ ገጽ ነው። የመሳቢያውን ገጽ የሠራችው ራሷ ወይንሸት ነች። ሰላም ሳይል ዕቃ የሚያነሳ ባለጌ ነው ብላ፣ ገጹ መጀመሪያ እጅ እንዲነሳ አደረገችው። ተሸለመችበትም። ባሏ ማንደፍሮ “ለቸኮለ ሰው መዝለያ አድርጊለት እንጂ” ሲላት፣ “ሰላምታ አይዘለልም” ብላ ሳቀችበት።

ዛሬ ከሰዓት አስሙ ተነሳበት። ግድግዳውን ተደግፎ መሳቢያው ፊት ቆመ። ገጹ በነጭ ጽጌረዳ ተሞላና ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ።

“እንደምን ዋሉ? ቤተሰቡ ደህና ነው?”

“ክፈት” አለ ማንደፍሮ፣ ደረቱ እያፏጨ።

ወይንሸት ከኩሽና ሮጣ መጣች። “ደህና ነው፣ ክፈት” አለች። ገጹ ግን ከመድኃኒቱ ባለቤት በቀር የማንንም ድምፅ አይቀበልም።

“ደ...ህና” አለ ማንደፍሮ።

“እርስዎስ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?”

“አሞኛል።”

እንዲህ ያለ መልስ ገጹ አያውቅም። ወይንሸት ያስተማረችው ጨዋ ሰው ሁሉ የሚመልሰውን ብቻ ነው። አበባውን አራገፈና ጥያቄውን በትሕትና ደገመው። የማንደፍሮ ከንፈር እየጠቆረ ሄደ።

ያኔ ገባት። “ደህና ነኝ በል” አለችው። “ማንዴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ በል።”

በተቆራረጠ ትንፋሽ እንዳለችው አለ። መሳቢያው ተከፈተ።

መድኃኒቱን ስቦ ትንፋሹ ሲመለስ፣ ወለሉ ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች።

“አሁንስ፣ ደህና ነህ?”

ማንደፍሮ ቀና ብሎ መሳቢያውን አየ። መድኃኒቱን ኪሱ ውስጥ ከተተው።